«የኔማ ጌጥ ነው»፦ ንቅሳት፣ ራፕና ሰፊ ሱሪ በጎንደር

ጥምቀት ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ፒያሳ አካባቢ ያሉ ቲሸርት አታሚዎች እንቅልፍ የላቸውም። ሰፈሩ፣ ማኅበሩ፣ የጓደኛው ጀማ ሁሉ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሶ ታቦት ሊያጅብ ይፈልጋል። አምና በዚያ ሰሞን አንዲት ጠባብ ማተሚያ ቤት ውስጥ ትእዛዜን እየጠበቅሁ ተቀምጬ ነበር። ማሽኑ ላይ የቆመው ልጅ ሃያ ሦስት፣ ቢበዛ ሃያ አራት ዓመት ቢሆነው ነው። ቲሸርቱን ይዘረጋል። መጨማደዱን በመዳፉ ይዳብሳል። ሥዕሉን ያስቀምጥና ትኩሱን ሰሌዳ ይጫነዋል። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አስራ አምስት ሰከንድ ይቆጥራል። ከዚያ ያነሳዋል። እጅጌውን ሰብስቦ ስለነበር ግራ ክንዱ ላይ ያለው ንቅሳት ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ሹሩባ የተሠሩ አፄ ቴዎድሮስ።

ስልሳ ቲሸርት ያዘዙ አንዲት እናት ገቡ። ናሙናውን ሊያዩ ጠጋ ሲሉ ዓይናቸው ክንዱ ላይ አረፈ።

«ምነው ልጄዋ! እንዲህ ያለ ሸጋ ልጅ ገላህን እንደ ዱርዬ ታበላሸዋለህ?»

ልጁ አልተቆጣም። ቀና ብሎ አያቸው። «እማማ፣ የእርስዎስ?» አላቸው።

ነጠላቸው ሸርተት ብሏል። ከአገጫቸው ሥር ጀምሮ እስከ አንገታቸው ግርጌ ረድፍ በረድፍ የወረደ አረንጓዴ ንቅሳት አላቸው። እጃቸውን አንገታቸው ላይ አደረጉ።

«የኔማ ጌጥ ነው» አሉ።

ያ መልስ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም። አንዱ ንቅሳት ጌጥ፣ ሌላው ዱርዬነት የሚሆነው በምን ሚዛን ነው? ጥያቄው ከንቅሳት ያልፋል። ራፕ የሚያወጣውም፣ ሰፊ ሱሪና ሁዲ እየሰፋ የሚሸጠውም፣ ግድግዳ ላይ የሚስለውም ልጅ ጎንደር ውስጥ አንድ ስም ነው ያለው። ዱርዬ። ይህ ቃል ከየት መጣ፣ ምንስ እያስከፈለን ነው የሚለውን በደንብ ማየት ያስፈልጋል።

አንገት ላይ የተጻፈው

አያቴ ግንባሯ ላይ መስቀል ነበራት፤ አንገቷ ላይ ደግሞ ማርዳ የመሰለ ንቅሳት። በጎንደርም፣ በጎጃምም፣ በወሎም፣ በትግራይም ያደገ ሰው ይህን ማየት ብርቁ አይደለም። እሷ እንደምትነግረኝ የነቀሰቻት የሰፈር ባልቴት ነበረች። ከድስት ቂጥ የተፋቀ ጥላሸት በቅጠል ጭማቂ ተለውሶ በመርፌ ይወጋል። ከላይ ጥቁር የነበረው ጥላሸት ቆዳ ሥር ሲገባ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ የሚያደላ መልክ ይይዛል። የተለየ ቀለም ስለተጨመረበት አይደለም። ቆዳ ብርሃንን የሚመልስበት መንገድ ነው እንዲያ የሚያሳየው።

የሚነቀሱበት ምክንያት ብዙ ነበር። ለውበት። ለእምነት። ከዓይን ለመጠበቅ። የአንገቱን ደግሞ እንቅርት ይከላከላል ብለው የሚያምኑም ነበሩ። አዮዲን በጎደለው ደጋ አገር እንቅርት የዕለት ተዕለት ስጋት ነበርና እምነቱ ከየት እንደመጣ መገመት አይከብድም። ንቅሳቱ እንቅርቱን አያድንም። ግን አንዲት እናት ልጇን ለመጠበቅ ያደረገችው ነገር መሆኑን ሳስብ ያንን አንገት በሌላ ዓይን ነው የማየው።

የሃይማኖት አባቶች ዛሬ ወጣቱን ሲመክሩ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ቁጥር 28ን ይጠቅሳሉ። ጥቅሱ ገላን መንቀስን ይከለክላል፤ እዚያ ላይ ክርክር የለኝም። አንድ ነገር ግን መዘንጋት የለበትም። ግንባራቸው ላይ መስቀል የተነቀሱት እናቶቻችን በዚያው ግንባር ቤተ ክርስቲያን ተሳልመዋል፣ ቆርበዋል፣ ክርስትና አንስተዋል። ማንም ከደጀ ሰላም አልመለሳቸውም። ለእነሱ የነበረን ትዕግሥት ለልጅ ልጆቻቸው ሲሆን የት ገባ?

የማተሚያ ቤቱ ልጅ ክንድ ላይ ያለውን ሹሩባ ደግሞ እዩት። ከመቅደላ ተወስዶ ለንደን በሙዚየም ሲቀመጥ የኖረው የአፄ ቴዎድሮስ የፀጉር ዘለላ እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ አገሩ ተመልሷል። በዚያን ጊዜ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። ያንኑ ሹሩባ አንድ ልጅ ዕድሜ ልኩን ሊሸከመው ክንዱ ላይ ሲያደርገው ነው ፊታችን የሚጠቁረው።

የድሮ ስድብ፣ አዲስ ስም

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የነገሩ ሥር እዚህ ነው ያለው።

ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1636 አካባቢ በአፄ ፋሲለደስ ስትቆረቆር የቆመችው በእጅ ባለሙያ ነው። ግንቡን ካነሱት መካከል ቤተ እስራኤላውያን ግንበኞችና አናጢዎች ነበሩ። ብረቱን የቀጠቀጡት፣ ሸክላውን የሠሩትም እነሱ ናቸው። ሸማውን ይሸምኑ፣ ንግዱን ያንቀሳቅሱ ከነበሩት ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ። በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1668 የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ። ዛሬ አዲስ ዓለም የምንለው ሰፈር ታሪክ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ከተማዋ በእጃቸው እየለበሰች፣ በእጃቸው እየታነጸች፣ ራቅ አድርጋ አስቀመጠቻቸው።

ስድቡንም ታውቁታላችሁ። ብረት የሚቀጠቅጠው ቡዳ ነው። ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ ነው። ሸማ የሚሠራው ቁጢት በጣሽ ነው። አዝማሪውን ሠርግ ላይ ግንባሩ ላይ ብር እየለጠፍን ሴት ልጃችንን ግን አንድርለትም። ነገሩ እንዲያ ከመክፋቱ የተነሳ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚያወግዝ አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ስድቡ አልሞተም። ልብስ ቀይሮ ነው የመጣው።

እኔ እንደሚገባኝ «ዱርዬ» የዚያ ሰንሰለት የመጨረሻው ቀለበት ነው። ቢሮ የሌለው፣ ደብተር የማይዝ፣ በእጁ አንድ ነገር ፈጥሮ የሚሸጥ ሰው ስናይ ምን ብለን እንደምንጠራው ይጠፋናል። ስለዚህ በለመድነው መንገድ እናዋርደዋለን። ያ ልጅ የሚሠራው ንቅሳት ሆነ ሸማ ለስድቡ ልዩነት የለውም።

በስሙ የሚነግድ እውነተኛ ዱርዬ የለም አልልም። ሞባይል የሚመነትፈው፣ ሴት ልጅ የሚያስቸግረው አለ። እሱን በሥራው እንጥራው። ሱሪው የሰፋ ሁሉ ግን ሌባ አይደለም።

ተቀበል!

ሂፕ ሆፕ ከውጭ የመጣ ነው፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። የልደት ቀኑ ሁሉ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 11 ቀን 1973፣ ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ፣ ሴጅዊክ ጎዳና ቁጥር 1520። አንዲት ልጅ ትምህርት ሲከፈት የምትለብሰውን ልብስ ለመግዛት የመግቢያ ገንዘብ የሚሰበሰብበት ጭፈራ አዘጋጀች። ሙዚቃውን ያጫወተው ከጃማይካ የመጣው ወንድሟ ዲጄ ኩል ኸርክ ነበር። ሰው በጣም የሚጨፍርባትን የዘፈኑን ቁራጭ በሁለት የሙዚቃ ሸክላ እያፈራረቀ አራዘማት። በዚያች በተራዘመች ቁራጭ ላይ ነው ዳንሱም ንግግሩም፣ ማለትም ራፑ፣ የበቀለው። እዩት እንግዲህ፣ ሂፕ ሆፕና ልብስ ከመጀመሪያዋ ሌሊት ጀምሮ አብረው ነበሩ። ያኔ እዚያም የሚጨፍሩት ልጆች ዱርዬ ነበር የሚባሉት። ያ ዳንስ፣ ብሬክ ዳንስ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ግን ፓሪስ ላይ ኦሎምፒክ ገብቷል።

ራፕ ጎንደር ሲደርስ ግን ባዶ ቤት አልገባም። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ያውቃል። አንዱ እንግዳ ብርሌውን አስቀምጦ «ተቀበል!» ይላል። አንድ ስንኝ ይወረውራል። አዝማሪው ማሲንቆውን ሳያቋርጥ ይቀበለዋል፣ ያዞረዋል፣ አንዳንዴም ባለቤቱ ላይ መልሶ ይተኩሰዋል። ለማሰብ ጊዜ የለም። ምቱ አይጠብቅም። የራፕ ልጆች ፍሪስታይል የሚሉት ይህንኑ ነው። ራፕ ከአዝማሪ የተወለደ ነው ማለቴ አይደለም። ጆሯችን ግን ከድሮ ጀምሮ የሰለጠነ ነው ማለቴ ነው።

እስቲ ወደ ቋንቋው እንጠጋ። የለመድነው የወል ቤት ግጥም በስንኙ አስራ ሁለት ቀለም፣ ማለትም አስራ ሁለት የድምፅ ቁራጭ፣ አለው፤ ስድስት ሲደመር ስድስት። የራፕ ምት ደግሞ በአብዛኛው በአራት ነው የሚቆጠረው። አስራ ሁለቱን ለአራት አካፍሉት። ለእያንዳንዱ ምት ሦስት ሦስት ቀለም ይደርሳል። ሦስት ሦስት እያሉ መንዳት ደግሞ የዛሬው ራፕ በጣም የሚወደው አካሄድ ነው። ለጭክጭካ ምት እግሩ የለመደ ሕዝብም ሦስት ሦስቱን ሳይነገረው ያገኘዋል። ጎንደሬ ልጅ ይህን ለመማር ዩቲዩብ ላይ አንድ ዓመት ማፍጠጥ የለበትም። እናቱ ስታንጎራጉር ሰምቶታል።

ችግሩ ቤት መምታቱ ላይ ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ስለዚህ «ሄድኩ»፣ «ወደድኩ»፣ «ነደድኩ» እያሉ መንዳት ቀላል ነው። ቀላል ስለሆነም ይሰለቻል። ከምሰማቸው የሰፈር ራፐሮች ግማሾቹ እዚህ ወጥመድ ውስጥ ናቸው። ጎበዞቹ ስንኙን በስም ይዘጋሉ፣ ቤቱን መሐል ላይ ይደብቃሉ፣ ማጥበቅና ማላላቱን ይጫወቱበታል። «ሰፊ» የሚለውን ቃል ውሰዱ። ሲላላ ልብስ የሚሰፋ ሰው ነው። ሲጠብቅ ጠባብ ያልሆነ ማለት ነው። አንድ ልጅ ማይክ ይዞ «የሰፊ ልጅ ነኝ» ቢል ምን አለ? አባቱ ልብስ ሰፊ ነው። ደግሞም የሰፊው ሕዝብ ልጅ ነው። የለበሰው ሱሪም ሰፊ ነው። በአንድ ቃል ሦስት ነገር። ይህ ሰምና ወርቅ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

አንድ የሚከነክነኝ ነገር ደግሞ አለ። ብዙ ልጆች ማይክ ሲይዙ የአዲስ አበባን አነጋገር ይዋሳሉ። ለምን? የእናታቸው ንግግር ለጆሮ ከዚያ በላይ ይጥማል። ሌላው ፉከራው ነው። ፉከራና ቀረርቶ ለራፕ የሚመች ጉልበት አላቸው፤ ገባኝ። እንዲህ ባለ የግጭት ጊዜ ግን ጠመንጃ ማሞገስ ቀላል ነው። እኔ እንጉርጉሮውን የሚደፍር ልጅ ነው የምፈልገው። የታክሲ ወረፋውን፣ የተዘጋውን መንገድ፣ ስደት የሄደውን ወንድሙን የሚለን።

ሳልባጅ፣ ጃኖና መቀስ

ልብሱ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ራሱ ይናገራልና። የአብዛኛው የመንገድ ስታይል መነሻው ሳልባጅ ነው። ያገለገለ ልብስ ማስገባት በሕግ የተከለከለ ቢሆንም ገበያው ላይ አለ፤ ሁሉም ያውቀዋል። ልጆቹ የሚወስዱት ሰውነታቸውን በሁለት ቁጥር የሚበልጥ ጃኬት ነው። ከዚያ መቀስ ይገባል። እጅጌው ይቆረጣል፣ ጀርባው ይቀደዳል፣ የጃኖ ቀይ ጥለት ይሰፋበታል። በነገሥታቱ ዘመን ጃኖ እንደ ማዕረግ የሚለበስ የመኳንንት ልብስ ነበር። ዛሬ የቅዳሜ ገበያ ሁዲ ላይ ተሰፍቶ ሳየው ውርደት አይመስለኝም። ልጁ የመኳንንቱን ጥለት ለራሱ ፈቀደ።

ደስ የማይለኝ ልብስ ሰፊው የት እንዳለ አለመታወቁ ነው። ሲንጀሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ያንን ጥለት ያለ አንድ ጉድለት የሚያዞረው ሰው ስሙ ልብሱ ላይ የለም። ሥዕሉንም የሠራው ልጅ እንዲሁ። በሀገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ በ2007 ዓ.ም. ማሻሻያም ወጥቶለታል። ሥዕል የሳለ ሰው ባለቤት ነው ይላል። ፒያሳ ላይ ግን ሰኞ የወጣ ዲዛይን ረቡዕ ሌላ ማተሚያ ቤት ይገኛል። እኔ ራሴ ለጓደኞቼ ብዬ የሳልኩት አንድ ሥዕል ከሳምንት በኋላ የማላውቀው ሰው ደረት ላይ አግኝቼዋለሁ። ማንንም አልከሰስኩም። መሄጃውንም አላውቅም ነበር።

በዚያ ላይ ጊዜው ከብዷል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተነሳው ግጭት የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ዘፈኑን የሚጭነው፣ ቲሸርቱን በቴሌግራም የሚሸጠው፣ የንቅሳት ሥራውን በቲክቶክ የሚያሳየው ልጅ ሱቁ በአንድ ቀን ተዘጋ ማለት ነው። ቱሪስቱ ቀረ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ ሲለቀቅ ደግሞ ከውጭ የሚገባው ነጭ ቲሸርትም ቀለምም ዋጋው ተሰቀለ። እነዚህ ልጆች ከዚህ ሁሉ በኋላ ዛሬም ማሽናቸውን ይከፍታሉ። ዱርዬ እንዲህ አይሠራም።

መርፌው

አሁን ወደሚያስፈራኝ ነገር ልምጣ።

የአንድ ጓደኛዬ ክንድ ከተነቀሰ በአራተኛው ቀን አበጠ። ቀላ፣ ተኮሰው፣ መግል ቋጠረ። የነቀሰው ልጅ ሠዓሊ ነው፤ እጁ ይገርማል። መርፌውን የሚያጸዳው ግን በአልኮል ነበር፤ አንዳንዴም ያንኑ መርፌ መልሶ እየተጠቀመ። ክፉ ስለሆነ አይደለም። የነገረው ሰው የለም። የተማረው ከስልኩ ነው፤ ስልኩ ላይ ያለው ደግሞ ሥዕሉን እንጂ ንጽሕናውን አያሳይም።

የጓደኛዬ ቁስል በመድኃኒት ዳነ። ሁሉም ነገር ግን እንዲያ አይድንም። የንቅሳት መርፌ ቆዳን ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር ድረስ ይወጋል። እዚያ ደም አለ። በደም ከሚተላለፉት መካከል ኤችአይቪ፣ እንዲሁም ጉበትን የሚያጠቁት ሄፓታይተስ ሲና ሄፓታይተስ ቢ አሉ። የመጨረሻውን ልብ በሉት። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ሰባት ቀን መቆየት ይችላል። በአልኮል ጠረግ የተደረገ መርፌ ደግሞ ንጹሕ መርፌ አይደለም። ለሕፃናት የሚሰጠው የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በኢትዮጵያ መደበኛ የሆነው በ1999 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ዛሬ ሃያዎቹን አጋምሶ ሊነቀስ የሚሄደው ወጣት በሕፃንነቱ ክትባቱን አላገኘም ማለት ነው። የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

«ዱርዬ» የሚለው ስድብ ዋጋ የሚያስከፍለን እዚህ ላይ ነው። የተናቀ ሙያ ይደበቃል። የተደበቀ ሙያ ደግሞ ማንም አይጎበኘውም፣ ማንም አያሠለጥነውም። ነቃሹ ጀርባ ክፍል ውስጥ በሩን ዘግቶ ይሠራል። ተነቃሹም ሲያመረቅዝበት ጤና ጣቢያ መሄድ ያፍራል፤ ሐኪሙ እንዳይቆጣው።

መፍትሔው ደግሞ ከፒያሳ በእግር የሚደረስበት ቦታ ነው ያለው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲመሠረት የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነበር። ምክንያቱም ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደምቢያን የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ነው። ያ ኮሌጅ ያሠለጠናቸው የጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና ሳኒታሪያኖች ገጠር ወርደው ጉድጓድ ያስቆፈሩ፣ ውኃ ያስፈሉ ሰዎች ናቸው። የንጽሕና ባለሙያን ለሀገሩ ያስተማረች ከተማ ሃያና ሠላሳ ነቃሾችን ለሦስት ቀን ማስተማር አያቅታትም። ጓንት። ለአንድ ሰው አንድ መርፌ። ለአንድ ሰው የሚበቃ ቀለም በትንሽ ብልቃጥ ተቀድቶ፣ የተረፈው ተደፍቶ። ደግመው የሚጠቀሙበት የብረት ዕቃ ካለ ኦቶክሌቭ (በታመቀ እንፋሎት ጀርም የሚገድል ማሽን) ውስጥ በ121 ዲግሪ። ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ጠንካራ ሳጥን። የሚቆጠረው ይህን ያህል ነው። ሠልጥኖ ያለፈው በሩ ላይ ወረቀቱን ይለጥፍ። ያኔ የተቀሩት ምን እንደሚጎድላቸው ደንበኛው ራሱ ይጠይቃል።

ሊነቀስ ላሰበ ደግሞ ከልቤ አንድ ነገር ልበል። ጠባሳህ ወይም ጠባሳሽ ከፍ ብሎ የሚያብጥ ዓይነት ከሆነ፣ ማለትም ኬሎይድ የሚያወጣ ቆዳ ከሆነ፣ ደግማችሁ አስቡ። ይህ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ይበዛል። ሥዕሉ ያማረ ቢሆን እንኳ ቆዳው ሊያበላሸው ይችላል። ጥሩ ነቃሽ ይህን አስቀድሞ ይጠይቃል። ካልጠየቃችሁ ተነሱና ውጡ።

ወደዚያች ማተሚያ ቤት ልመለስ። «የኔማ ጌጥ ነው» ካሉ በኋላ ትንሽ ዝም ተባለ። ልጁ ማሽኑን አጠፋ። ወረቀትና እርሳስ አወጣ። «እማማ፣ ካልከበደዎት ልሳለው?» አላቸው። ለምን እንደሆነ ጠየቁት። ጓደኛው ነቃሽ እንደሆነ፣ እንዲህ ዓይነቱን ረድፍ የትም አይተው እንደማያውቁ ነገራቸው። አመነቱ። ከዚያ በርጩማው ላይ ተቀመጡና ነጠላቸውን ገለጥ አደረጉለት። እየሳለ ሳለ ይነግሩት ጀመር። ልጅ ሆነው ነው የተነቀሱት። እናታቸው እግራቸውን ይዛ። ሳምንት ሙሉ ትኩሳት ይዟቸው እንደነበር፣ አንገታቸውን ማዞር አቅቷቸው እንደነበር። «መርፌውን ግን ትቀቅሉታላችሁ?» ብለው ጠየቁት። ልጁ አዲስ ነው የምንጠቀመው አላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ወረቀቱን ሲያሳያቸው ከዓይናቸው አርቀው ያዙት።

«ሦስተኛዋን ረድፍ ስተሃታል። እሷ እንዲህ አይደለችም» አሉትና እርሳሱን ከእጁ ወሰዱ።